ሚስቴ በቤንችኛ ያወራችው ሕመም

እኔን ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። የቡና መፈልፈያ ማሽን መፍታትና መግጠም የቻልኩት ደግሞ ቴፒ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሳለሁ፣ መካኒኮቹ ምሳ ሲወጡ የፈቱትን እያየሁ ነው። ዛሬ ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከሸኮ እስከ ቱም ቡና በሚታጠብበት ቦታ ሁሉ ማሽን ሲቆም የሚጠሩት እኔን ነው። ዲፕሎማ የያዙ ልጆች መጥተው ሲያቅታቸው “ኢንጂነሩን ጥሩት” ይላሉ። ስሙን በቀልድ ነበር ያወጡልኝ፤ አሁን ማንም አይስቅበትም። የካቻቢቴዬን ጫፍ ኩሽኔታው ላይ አስደግፌ እጀታውን ከጆሮዬ ሳገናኘው፣ ሳልፈታ ምኑ እንደተበላ እነግራቸዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ማሽን አይደለም። ሚስቴ በእንቁላል ከረጢት ካንሰር ልትሞት ደርሳ እንዴት እንደተረፈች ለመጻፍ ነው። እዚህ አማን ከተማ ሁሉም የየራሱን ያወራል። አንዱ ጠበሉ ነው ይላል፤ ሌላው የእህቷ ቸርች ጸሎት ነው ይላል፤ የተማሩት ደግሞ ሐኪሙ ነው ይላሉ። ሁሉም ድርሻውን ይውሰድ፤ አልከለክልም። እኔ ባልሰማ ኖሮ ግን ሐኪሙ ሆዷን አይነካውም ነበር። ይህን የሚናገርልኝ ስለሌለ ራሴ እናገራለሁ።

ሚስቴ የቤንች ልጅ ናት። እኔ ከወሎ የመጣሁት ጢም ሳላወጣ ነው፤ ለአንድ የለቀማ ወቅት ብዬ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ስንጋባ እሷ አማርኛዋ ገና አልጠራም፣ እኔም ከቤንችኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ላስደንቃት ብዬ ቋንቋዋን በድብቅ መማር ጀመርኩ። ገበያ ኮረሪማ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ እየቆምኩ፣ በለቀማ ጊዜም ከለቃሚዎቹ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ሰማሁ። ከባድ ቋንቋ ነው። አንድ ቃል ድምፁ ትንሽ ከፍ ካለ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ብዙ መጤ ዕድሜውን እዚህ ጨርሶ ሰላምታውን እንኳ አስተካክሎ አይለውም። ማሽን ሲያዳምጥ ለኖረ ጆሮ ግን የድምፅ ከፍና ዝቅ ምኑም አይደለም። ብዙም ሳልቆይ ቀልዱን ከስድቡ ለየሁ።

ላስደንቃት ባሰብኩበት ቀን እህቷ መጣች። ታላቋ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብላ እንሰቷንና ጎደሬዋን ተክላ የምትኖር፣ በገበያ ቀን ሁሉ እኛ ቤት ጎራ የምትል ሴት። እኔ በረንዳ ላይ የሞተር ሽቦ እጠቀልላለሁ፤ እነሱ በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

“ይሄ ሰውዬሽ ዛሬም ሲያወራ ነው የዋለው?” አለቻት በቤንችኛ።

“መቼ ያርፋል ብለሽ?”

“ጄኔሬተር እኮ ነው። ነዳጁ ካላለቀ አይቆምም።”

ሚስቴ ሳቀች። እጇን በአፏ ላይ አድርጋ፣ ወደ እኔ ቀና ብላ እያየች፣ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች። ከእኔ ጋር በአማርኛ ስታወራ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ተቆጣሁ፤ ቀጥሎም ሳቋ ደስ አለኝ፤ በመጨረሻም ዝም ለማለት ቆረጥኩ። ቋንቋውን እንደምሰማ ካወቀች ያ ሳቅ ከቤቴ ይወጣል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ የሚሆኑ ጥቂት ቃላት ብቻ የማውቅ መሰልኩ። እነሱንም ሆን ብዬ እያጣመምኩ እናገራለሁ፤ እህቷ ታርመኛለች፣ መልሼ አጣምመዋለሁ።

ይህን ነውር ነው የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። በራሴ ቤት፣ በራሴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ነው። ደግሞም የሰማሁትን ለክፉ አላዋልኩትም። “ማዕድ ሲቀርብ ናፍጣ ናፍጣ ይሸተኛል” ብላ ለእህቷ ስታማርር ሰማሁ፤ ከሥራ ስመለስ ክንዴን እስከ ብብቴ በሳሙና ታጥቤ መግባት ጀመርኩ። ጓዳው ጨለማ ነው፣ የመስታወት መስኮት ቢኖረው አለች፤ በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳውን ቀድጄ መስኮት ገጠምኩላት። ከወሎ ልትጠይቀን ስለመጣችው እናቴ አንደበት፣ ስለ ኩርፊያዬ፣ ልጆቹን ስለምቆጣበት መንገድ የተናገረችው ሁሉ ደርሶኛል፤ የምችለውን አስተካክያለሁ። አንድ ቀን እህቷ፣ “ይሄን ሁሉ ከራሱ ነው የሚያስበው?” ብትላት፣ ሚስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ልቤን ያውቀዋል” አለች። ያን ቀን ዲፕሎማ የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ገባኝ።

ሕመሙ ብቅ ያለው በዐቢይ ጾም ነው። ሚስቴ ትኩስ ጎደሬ በዳጣ ከቀረበላት ሰው አታይም ነበር። በዚያ ጾም ግን ሁለቴ ጎርሳ እጇን ትታጠባለች። ምነው ስላት “ጠገብኩ” ነው መልሷ። የንስሐ አባታችን ቤታችን መጥተው ይህን አዩና እጅግ ደስ አላቸው። “እንዲህ ነው ጾም። ሌላው ጾመኛ ነኝ እያለ ሆዱን በሽሮ ይነፋል” አሉ፤ ሲናገሩ የሚያዩት እኔን ነው። ሰፈሩም ተቀበለው። ሚስቴ በአንድ ጾም ውስጥ ለሴቶች ሁሉ ምሳሌ ሆነች። በረሃብ የምትከሳ ሴት በእኛ ዘንድ በጾም ወራት አትታይም፤ ቅድስት ትባላለች።

ፋሲካ መጣ። ዶሮው ተሠራ፣ ቤቱ ሞላ። ሚስቴ ከወጡ በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ሳህኗን ወደ እኔ ገፋችው። በፋሲካ ቀን የሚጾም ሰው አይቼ አላውቅም። አባታችን ግን አሁንም፣ “ሰውነቷ ለምዶት ነው” አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሮችን ማየት ጀመርኩ። ፊቷ ከስቷል፣ የክንዷ ሥጋ አልቋል፣ ቀለበቷ ከጣቷ ይንሸራተታል። እንዲህ ለከሳ ሰው መቀነቱ ሊረዝምለት ሲገባ የእሷ አጠረ። ድሮ ዞሮ ዞሮ ጫፉ ከጉልበቷ በላይ ይወርድ የነበረው መቀነት አሁን ለመቋጠሪያ እንኳ በግድ ይበቃል። ጎረቤቶቻችን የሚያዩት ፊቷን ሳይሆን ሆዷን ነበር። እዚህ አገር ሴት ሆዷ ገፋ ሲል ባሏ ይመሰገናል።

“ተስማማሽ እኮ እትዬ፤ ኢንጂነሩ ደህና ይዞሻል” ይሏታል።

አንዷ አሽሟጣጭ ደግሞ፣ “በስተርጅና ልትደግሚን ነው እንዴ?” አለቻት። ሁሉም ሳቁ፤ ሚስቴም አብራ ሳቀች። ምስጋናው ለእኔም በየመንገዱ ይደርሰኝ ነበር። ዛሬም ድረስ አንዲት ሴት ሌላዋን “ተስማማሽ” ስትላት ከሰማሁ አንገቴን አዙሬ የምትባለዋን ሴት ፊት አያለሁ።

ሌሊት ሌሊት ለሽንት ስትመላለስ አያለሁ። ስኳር ይሆናል ብዬ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ነጭ ለባሹ ደም ወስዶ ታይፎይድ አላት አለ፤ መድኃኒቱን ጨረሰች፤ ለውጥ የለም። ተመለስን፤ ጨጓራ ነው አለ፤ ያንንም ጨረሰች። በሁለቱም ጊዜ ሆዷን በእጁ አልነካውም። እኔ የቆመ ማሽን ሳልነካ “ኩሽኔታ ቀይሩ” ብዬ አላውቅም። ይህንኑ ብነግረው “አባባ፣ ሰው ማሽን አይደለም” አለኝ። አይደለማ፤ ማሽን ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ይከሰው ነበር።

ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መግባት ተወች። አብረን እንሄዳለን፤ እሷ ግን ቅጥሩ ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ትቀራለች።

“ግቢ እንጂ” እላታለሁ።

“እዚህ ይሻለኛል። ውስጡ ያፍነኛል።”

ሰዎች ትሕትና ነው አሉ። እኔ ቅር አለኝ። አንዲት ሴት መቅደስ ሳትገባ ውጭ የምትቆመው ደም ሲፈሳት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሚስቴ ግን የልጅ ልጆች አይታለች፤ ያ ነገር ከተዋት ስንት ዘመኑ ነው። ነገሩ በአእምሮዬ ሲመላለስ ከረመ፤ ልጠይቃት ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ነገር ባልና ሚስት በእኛ ዘንድ አይነጋገሩም።

መልሱን ያገኘሁት እንደ ወትሮው በረንዳዬ ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እኔ የመፈልፈያ ዲስክ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፤ እህትማማቾቹ ከበሩ ወዲያ ጎደሬ ይልጣሉ።

“አሁንም ይፈስሻል?” አለች እህቷ።

“ቀንሷል። ግን አልተወኝም።”

“እስቲ ሆድሽን አምጪ።” የቢላዋቸው ድምፅ ቆመ። “ድንጋይ ነው የሆነው።”

“ከታች ነው፤ በግራ በኩል። ሽንቴን ይጫነኛል። ወገቤንማ አትጠይቂኝ።”

“እናታችንም እንዲህ ነበረች።”

“አውቃለሁ።”

“እሷም ሁለት ጎርሳ ጠገብኩ ትል ነበር። ኋላ ሆዷ ውሃ ሞላ።”

“አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።”

“ለሰውዬው ብትነግሪውስ?”

“ለእሱ? ሆስፒታል ወስዶ እንደ ሞተር ያስፈታኛል። እናታችንን ቀደው፣ መልሰው ሰፍተው አይደል የላኩልን? ከዚያ አርባ ቀን አልቆየችም። እኔ ቤቴ ነው የምሞት።”

እህቷ አላለቀሰችም። “እንግዲያስ ልጅሽ መጥታ ትይሽ” አለችና ወደ ጎደሬዋ ተመለሰች።

እኔ ዲስኩን ማሸት አላቆምኩም። እጄ ከቆመ ያውቁብኛል። አማቴ በጉበት ነው የሞተችው ብለውኝ ነበር፤ ያን ያህል ዘመን ያመንኩት ያንን ነው። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመ፤ መጥገቧ፣ መቀነቷ፣ የሌሊቱ መመላለስ፣ ዛፉ ሥር መቆሟ። ማንም ሐኪም አልነገረኝም። እኔ በረንዳዬ ላይ፣ ዝገት በእጄ ላይ እያለ ሚስቴ ምን እንደያዛት አወቅሁ። ማወቄን ግን ለማንም ልናገረው አልችልም።

በማግሥቱ “ሆስፒታል እንሂድ” አልኳት። “ጨጓራ ነው ተብያለሁ እኮ” አለች። ደገምኩት፤ ተቆጣች። ለሦስተኛ ጊዜ ብሞክር ከየት አመጣኸው ትለኛለች። ስለዚህ ራሴ ታመምኩ።

በሕይወቴ ታምሜ አላውቅም፤ ወባ እንኳ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሆኖም ወገቤን ይዤ አልጋ ላይ ወደቅሁ፤ ኩላሊቴ ነው አልኩ፤ አጓራሁ። ከአንድ ማሽን የሚወጣ ማንኛውንም ድምፅ ማስመሰል እችላለሁ፤ የታመመ ሽማግሌ ምን ያቅተኛል? “ጅማ ካልሄድኩ አልተርፍም፤ ብቻዬን ደግሞ አልችልም” አልኳት። ለራሷ ሆስፒታል የማትሄድ ሴት ለእኔ በአንድ ማለዳ ሻንጣ አዘጋጀች።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ቦንጋን አልፎም ገና ብዙ ይቀራል። ሚኒባሱ ውስጥ ሚስቴ በየመሀሉ መቀመጫውን ትይዛለች፤ ከዚያ ሹፌሩን ትጠራለች።

“ልጄ፣ አንዴ አቁምልን። ለእሱ ነው፤ ኩላሊቱ ነው።”

መኪናው ይቆማል። እኔ እያቃሰትኩ እወርድና ከአንድ ዛፍ ጀርባ ቆሜ ጫካውን አያለሁ፤ እሷ ደግሞ “ልደግፈው” ብላ ወርዳ በሌላው በኩል ጉዳይዋን ትጨርሳለች። ተሳፋሪው በእኔ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ጎረምሳ፣ “አባት፣ ለምን ከታክሲው ጋር ቱቦ አይገጥሙልዎትም?” አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ሚስቴ ቀና ብላ አላየችኝም። እሷ እኔን ሰበብ አድርጋ ስትሸና፣ እኔ እሷን ለማሳከም ስታመም፣ ሁለታችንም አንዳችን የሌላውን እያታለልን ጅማ ገባን።

ካርዱን ያወጣሁት በእሷ ስም ነው። ስሟ ሲጠራ ደንግጣ አየችኝ፤ ዓይኗ ቢላዋ ነበር። ሰው ፊት አታዋርደኝም፤ ይህን አውቃለሁ። ተነሥታ ገባች፤ ተከትያት ገባሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ። “እናቴ፣ ምን ሆኑብኝ?” አላት።

“ጨጓራ ነው። መድኃኒቱን ብቻ ስጠኝ።”

አልጋው ላይ ይውጡ ቢላት እንቢ አለች። ሆዷን በቀሚሷ ላይ ሊነካ ሲል መቀነቷን በሁለት እጇ ያዘች። የምግብ ፍላጎቷን ጠየቃት፤ “ደህና ነው።” ሽንትስ? “ደህና ነው።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደም ይፈስዎታል?”

“በዚህ ዕድሜዬ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?”

“ከቤተሰብዎ ካንሰር የያዘው፣ ሆዱ ውሃ የሞላበት አለ?”

“የለም። እናቴ በእርጅና ነው የሞተችው።”

ልጁ ምን ያድርግ? የነገረችውን ጻፈ። “እንግዲያው የሆድ አልትራሳውንድ ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ። አሁን ወረፋው ረዝሟል፤ እስከዚያ የጨጓራውን ይውሰዱ” አለ። ሚስቴ ሻሿን ማስተካከል ጀመረች። እኔ ያን መንገድ አሰብኩት። ከዚያ ክፍል ከወጣች ዳግመኛ አትመለስም፤ ለማንም ኩላሊት ብላ አትመጣም። በሩ ላይ ደርሳለች።

“ይፈሳታል” አልኩ። “ከፋሲካ በኋላ ጀምሮ። እብጠቱ ከሆዷ በታች በግራ በኩል ነው፤ ሽንቷን ይጫናታል። ሁለት ጎርሳ ትጠግባለች። እናቷም እንዲሁ ጀምሯት፣ ሆዷ ውሃ ሞልቶ፣ ተቀድዳ ነው የሞተችው።”

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሚስቴ ዞረች።

“ማን ነገረህ?” አለችኝ በአማርኛ። ወዲያው ራሷ መለሰችው፤ “እህቴ ናት።”

እሺ ማለት እችል ነበር። እህቷ ናት ብል ሁለቱ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ የእኔ ምስጢር እንደተደበቀ ይቀራል። ግን ያቺ ሴት እህቷን አልካደችም፤ በእሷ ላይ ማላከክ አልፈለግሁም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ የራሴን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት አልወድም።

“ማንም አልነገረኝም። በጆሮዬ ነው የሰማሁት” አልኳት። በቤንችኛ ነው የተናገርኩት። ያን ሁሉ ዘመን ያጣመምኩትን ቋንቋ አቃንቼ፣ ከፍ የሚለውን ከፍ፣ ዝቅ የሚለውን ዝቅ አድርጌ፣ የእናቷ ልጅ እንደሚናገረው ተናገርኩ። አማረልኝ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ሚስቴ የበሩን እጀታ ለቀቀች። “ከመቼ ጀምሮ?” አለች በቤንችኛ። ከእኔ ጋር በቋንቋዋ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው።

“የመጀመሪያ ልጃችን ሳትወለድ ጀምሮ።”

“ምን ተባባላችሁ?” አለ ሐኪሙ።

“የቤት ነገር ነው ዶክተር” አልኩት።

ሚስቴ ተመልሳ አልጋው ላይ ወጣችና መቀነቷን ፈታች። የምትደብቀው ስላልቀራት ይመስለኛል።

ቀጠሮ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ። በዚያው ቀን ወደ ሴቶች ሕክምና ክፍል ወሰዷት፣ በማሽን አዩዋት፣ ከሆዷ ውሃ ቀድተው ለምርመራ ላኩ። ውጤቱን የነገሩን አንዲት ትልቅ ሐኪም ናቸው። ሴት በማኅፀኗ በሁለቱም ጎን የእንቁላል ከረጢት አላት፤ ነቀርሳው የተነሣው ከግራው ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በሆዷ ውስጥ ተረጭቷል አሉ። ይህ በሽታ ሴቶቻችንን ዘግይቶ የሚያስይዝብን እንደ ጨጓራ፣ እንደ መንፋት፣ እንደ ድካም እየመሰለ ስለሚመጣ ነው አሉ። “ዘግይተዋል። ግን እንሞክራለን።” መጀመሪያ እብጠቱን የሚያሟሽሽ መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል፤ ቀጥሎ ሆዷ ይቀደዳል፤ ከዚያ መድኃኒቱ እንደገና ይቀጥላል።

“እናቴን ቀደዋት ሞታለች” አለች ሚስቴ።

“ለእናትዎ ይህ መድኃኒት አልነበረም” አሉ ሐኪሟ። “እናትዎን ያከመ ሰው ዛሬ ቢኖር እርስዎን አይቶ ይቀና ነበር።”

ከሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን። እህቷ ልታስታምም መጣች። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሽማግሎች ተቀመጥን። ሁለቱ እህትማማቾች በአማርኛ “ውሃ ስጪኝ”፣ “ተነሽ” ይባባላሉ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም። መድኃኒቱ አንጀቷን ሲያገላብጠው፣ አፏ ሲቆስል፣ ጸጉሯ በትራሱ ላይ እየተነቀለ ሲቀር በምን ቋንቋ እንደሚያለቅሱ አጥተው ዝም ይላሉ። እኔ እንደ ልባቸው እንዲያወሩ ብዬ ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደር ላይ መዋል ጀመርኩ። ያኔም ቢሆን በሩን ይዘጉታል።

አንድ ከሰዓት እህቷ ልብስ ልታጥብ ወጥታ ብቻችንን ቀረን። ሚስቴ ግድግዳውን እያየች ተናገረች።

“መስኮቱ።”

“የትኛው መስኮት?”

“የጓዳው። የመስታወቱ። ለእህቴ ነው የነገርኳት።”

“አዎ።”

“ናፍጣውም።”

“አዎ።”

“ልቤን ያውቀዋል ብዬ ነበር እኮ።”

“ሰምቼ አደረግሁት። ሰምቶ የሚያደርግ ባል ስንት አለ?”

“አንተን መች ነገርኩህና?” አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አንስታልኝ አታውቅም።

ተቀደደች፤ ተሰፋች፤ ነቃች። ሐኪሟ ከቀዶ ጥገናው ወጥተው ዓይን የሚያየውን ሁሉ እንዳወጡ ነገሩኝ። “ያን ቀን ያንን ባይናገሩ ኖሮ አንደርስላቸውም ነበር” ብለውኛል፤ በራሳቸው አፍ። ከዚያ ወዲህ ቡናው ሦስቴ ተለቅሟል። ሚስቴ አለች። ጸጉሯ ነጭ ሆኖ፣ ከድሮው ጠንከር ብሎ በቀለ። ጎደሬዋን በዳጣ ትበላለች። እሑድ ከእኔ ቀድማ መቅደስ ትገባለች። ጎረቤት በየበሩ “ጠበሉ” ይላል፤ በእህቷ ቸርች ደግሞ ምስክርነት ተሰጥቶ ተጨብጭቧል አሉ። ለእኔ ያጨበጨበ የለም። ከእነሱ አልጠበቅሁትም። ከአንድ ሰው ግን ጠብቄ ነበር።

እህቷ አሁንም በገበያ ቀን ትመጣለች። ድሮ “አንተ” ትለኝ ነበር፤ ታሾፍብኝ፣ ጄኔሬተር ትለኝ ነበር። አሁን ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ “ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?” ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ቤቴ አንቱ ተባልኩ። ሰላምታው እንዳለቀ ሁለቱ ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ከእንሰቱ ሥር በርጩማቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ዝናብ ቢጥልም አይገቡም፤ የእንሰቱ ቅጠል ያስጠልላቸዋል። እኔ ወደዚያ ከተጠጋሁ ወሬው ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ስለ በርበሬ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መብራት መጥፋት።

ሐኪሟ ሲሸኙን በግልጽ ነግረውናል፤ ይህ በሽታ የመመለስ ጠባይ አለው። ሆድ ሲነፋ፣ ቶሎ ሲያጠግብ፣ ወገብ ሲይዝ ሳትዘገዩ ኑ ብለዋል። ለክትትል ስንሄድ እህቷ አብራት ትገባለች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ እቀራለሁ። “ሆድሽ እንዴት ነው?” እላታለሁ። “ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን” ትለኛለች። ለዚያ ወጣት ሐኪም “ደህና ነው” ያለችበት አማርኛ፣ ያው ድምፅ ነው። የታመመውን ከደህናው የምለይበት አንድ መሣሪያ ነበረኝ፤ እሷን ለማዳን አውጥቼ ተጠቀምኩበት፤ አሁን የለኝም። ተመልሼ ያን ክፍል ብገባ ያንኑ አደርጋለሁ። ግን እሷ ብድሯን እንዲህ ትመልሳለች ብዬ አልጠበቅሁም።

ስለዚህ መቀነቷን አያለሁ። መቀነት ተፈትቶ ሲታጠብ እንኳ ይቋጠርበት የነበረው ቦታ ተጨማድዶ ይቀራል። ሆድ ከገፋ ቋጠሮው ወደ ጫፉ ይሸሻል። ታጥቦ ገመድ ላይ በተሰጣ ቁጥር ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ጠጋ ብዬ እመለከተዋለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን እንዲሁ ገመዱ አጠገብ ቆሜ ጭምድዱን በጣቴ ስለካ ሚስቴ ከእንሰቱ ሥር ተነሥታ መጣች።

“ምን ታያለህ?” አለች በአማርኛ።

“ደርቆ እንደሆን ብዬ ነው።”

“ደርቋል።”

ከእጄ ወሰደችው። ይዛው ትገባለች ስል እዚያው ፊቴ ቆማ በወገቧ ላይ ጠመጠመችው፤ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል። ቋጠሮው የድሮ ቦታው ላይ አረፈ፤ ጫፉ ወደ ጉልበቷ ወረደ። እስካየው ቆየች። ከዚያ ወደ እንሰቱ ተመልሳ ሄደች።

በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሥራዬን ያዝኩ። ዝናቡ ጀመረ። ከእንሰቱ በኩል የእህቷ ድምፅ አንድ ነገር አለ፤ ሚስቴ ሳቀች፤ ያንን ጎኗን እስኪያማት የምትስቀውን ሳቅ። ስለ እኔ ይሁን፣ ስለ ምን ይሁን፣ ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይመታል፤ አልሰማሁም።